ሁለተኛዋ ጉድጓድ

እሁድ፣ ጃንዋሪ 6

የላቦራቶሪያችን ኃላፊ ዶክተር ተዋቲ የዓመቱን የመጀመሪያ ስብሰባ በአሥር ደቂቃ ጨረሱት። ፌብሩዋሪ 21 የእህል ጎተራ ኃላፊዎች ከአልጀርስ ወደኛ ወደ ሴቲፍ ይመጣሉ። እስከዚያ መሣሪያችን የተበላሸ ስንዴ ጎተራ ውስጥ የሚያወጣውን ጋዝ ለክቶ መናገር አለበት። ከተሳካ አንድ ቋሚ የሥራ መደብ ይፈቀዳል። አንድ ብቻ። እኔም ዙቢርም ጠረጴዛው ላይ አፈጠጥን።

ከዙቢር ጋር በአንድ ክፍል አምስት ዓመት ሠርተናል። ሌዘሩና ኮምፒውተሩ የእሱ ነው፣ መስታወቱና የአየር ቱቦው የኔ። ሁለታችንም በየዓመቱ በሚታደስ ውል ነው ያለነው። ስንወጣ ደረጃው ላይ፣ «መደቡን አንቺ ውሰጂው፤ እኔ ሲጋራ ማጨሻ ሰዓት የሚጨምርልኝን ነው የምፈልገው» አለኝ። ሳቅሁ። ቀልድ ይሁን እውነት ግን አልገባኝም።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 8

እህቴ ሐዳ የሙሽራ ቀሚስ እጅጌ እየሰፋች፣ «እስቲ በሰው ቋንቋ ንገሪኝ፤ ቀኑን ሙሉ እዚያ ቤት ተዘግተሽ ምንድነው የምትሠሪው?» አለችኝ።

«ብርሃን እዘጋለሁ።»

«ክፉ ሰው ነሽ።»

ነገርኳት። ሁለት መስታወት ፊት ለፊት እናቆማለን፣ መሃላቸው የሌዘር ብርሃን እናስገባለን። ብርሃኑ ከአንዱ ወደ አንዱ እየነጠረ ይመላለሳል። መስታወቶቹ ከአሥር ሺህ እጅ አንዱን ብቻ ስለሚያሾልኩ፣ ግማሽ ሜትር በሆነች ቱቦ ውስጥ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከዚያ ይሞታል። እኛ ዕድሜውን እንለካለን፤ ንጹሕ አየር ሲሆን ከሰከንድ ሚሊዮንኛ አሥራ ሰባት ያህሉን ይኖራል። ብርሃኑን የሚበላ ጋዝ መሃል ከገባ ቶሎ ይሞታል። ሌዘሩን ከቀለም ወደ ቀለም ቀስ እያደረግን ስናዞረው፣ ጋዙ የሚበላው ቀለም ላይ የዕድሜው መስመር ወደ ታች ይጎደጉዳል። እያንዳንዱ ጋዝ የራሱ የጉድጓድ ቦታ አለው።

«ብርሃን ሁሉ ይገባል?» አለች።

«አይገባም። የሞገዱ እርምጃ ከቱቦው ርዝመት ጋር የገጠመው ብቻ ነው የሚገባው።»

«እንደ እጅጌ በያ። ልኩ ካልሆነ አይገባም።»

በዓመታት ውስጥ እንደዚህ አጥርቶ የተናገረ ሰው አልሰማሁም። ሌዘር ራሱ ከእንዲህ ዓይነት ጓዳ እንደሚወለድ፣ የሱቁ ዋጋ ማንበቢያ፣ የአማቷ የዓይን ቀዶ ሕክምና፣ አውሮፕላን ዞር ማለቱን የሚያውቅበት መሣሪያ፣ ከሰዓት ሁሉ የማይሳሳተው ሰዓት፣ ሁሉም ውስጡ ሁለት ሦስት መስታወት እንዳለበት ነገርኳት። በመጽሐፍ ሬዞኔተር ይባላል። እኛ የብርሃን ጓዳ እንለዋለን። ስሙን ያወጡት፣ ሁላችንም እንደ አጎት «ዓሚ» የምንላቸው፣ ዓሚ ላይድ ናቸው።

ዓሚ ላይድ ሠላሳ አራት ዓመት መስታወት ሲወለውሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ወደ ሳቸው ክፍል የሚገባው በኛ ክፍል በኩል ነው። አቧራ እንዳይገባ መስኮቱን ዙሪያውን በፕላስተር አሽገውታል። የሚወለውሉበት ሙጫ እንዳይደርቅ የጋዝ ማሞቂያው ከጠዋት እስከ ማታ ይነድዳል። እኛም ለሙቀቱ ብለን የመሃሉን በር ገርበብ እናደርጋለን። በዲሴምበር ጣሪያው ተጠግኖ አዲስ ቆርቆሮ ከለበሰ ወዲህ ማፍሰሱም ስለቀረ፣ ዘንድሮ ቤቷ ተመቻችታለች።

እሁድ፣ ጃንዋሪ 13

ትናንት የየናየር፣ የበርበሮች አዲስ ዓመት፣ በዓል ነበር፤ ሐዳ ዘንድ ሸኽሹኻ በላን። ዛሬ ጠዋት የክፍሉን አየር ስቤ መሣሪያውን ስሞክር፣ ከምንጠብቀው ጉድጓድ ጎን ሌላ ትንሽ ጉድጓድ አየሁ። የብርሃኑም ዕድሜ አጥሯል። መስታወት ቆሽሾ ነው ብዬ አለፍኩ። ራሴን ያመኛል። የበዓሉ ምግብ ከብዶኝ ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 15

መስታወቶቹን አወጣሁ። አጸዳሁ። መለስኩ። ጉድጓዷ አሁንም አለች። እጄ ነው ችግሩ?

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 17

አንድ ነገር ግራ አጋብቶኛል። ጠዋት ስገባ የለችም። ሁለት ሰዓት ከሠራሁ በኋላ ትመጣለች። ዙቢር ከደጅ ሲመለስ፣ «እዚህ ቤት ሰው ይቀቀላል እንዴ» እያለ የኛን መስኮት ይከፍትና ወንበሩ ላይ ይወድቃል። ከዚያ ጉድጓዷ እየሳሳች ትጠፋለች። እሱ ስላላያት አያምነኝም። «አሳዪኛ» ይላል። ሳሳየው የለችም። ከዓሚ ላይድ ፊት ሞኝ መሰልኩ።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 19

ዓርብና ቅዳሜ ዕረፍት ነው፤ ቤት ነኝ። ራስ ምታቱ የለም። ልብስ አጠብኩ፣ ሐዳን በእጅጌዎቹ ረዳኋት። «ዓርብና ቅዳሜ ብቻ ነው ሰው የምትመስይው» አለችኝ። ሥራውን ጠልተሽዋል ማለቷ ነው። አልጠላሁትም።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 23

ዓሚ ላይድ አንድ መስታወት አበላሹ። ሦስት ሳምንት የወለወሉትን ብርጭቆ በተሳሳተው ዱቄት ደግመው ፈተጉት። ቆመው ሲያዩት ፊታቸው ላይ እፍረት እንኳ አልነበረም፤ የሌላ ሰው ሥራ ያዩ ነው የመሰለኝ። ኋላ፣ «ልጄ፣ ይሄን ማነው እንዲህ ያደረገው?» አሉኝ።

«እርስዎ ነዎት ዓሚ።»

«እኔ?»

ዋናው ሕንፃ ኮሪደር ላይ ሁለት ጸሐፊዎች ሲያወሩ ሰማሁ። «ሽማግሌው አብቅቶላቸዋል።» «ስሟን ረስተው አንዲቱን በእናቷ ስም ጠሯት አሉ።» ያቺ አንዲቱ እኔ ነኝ። ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ለዙቢር ብቻ።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 28

ገባኝ። የገባኝ መሰለኝ። ሌዘሩ ወደ ቱቦው የሚገባው በትንሽ የብርጭቆ መስኮት በኩል ነው። ብርጭቆ ደግሞ ሁለት ፊት አለው። ከፊተኛው ከኋለኛው ትንሽ ትንሽ ብርሃን ስለሚነጥር፣ ሳናስበው ራሱ ሌላ ጓዳ ይሆናል። የውሸት ጉድጓድ የሚሠራው እሱ ነው። ሙቀት ሲጨምር ብርጭቆው ይለጠጣል፤ ለዚህ ነው ጠዋት የማትታየው፣ ዙቢርም መስኮት ሲከፍት የምትጠፋው። ሁሉም ተገጣጠመ። ብርጭቆውን ነገ እቀይረዋለሁ።

ዛሬ አውቶቡስ ውስጥ የት እንደምወርድ ረስቼ መውረጃዬን ዓይን ፉዋራን አልፌ ሄድኩ። ድካም ነው።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 30

ቀየርኩት። አለች። እንዲያውም ጠልቃለች። የብርሃኑ ዕድሜ ከአሥራ ሰባት ወደ አሥራ አምስት ወርዷል። ከምሳ በኋላ አስመለሰኝ።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 31

ዙቢርን ጠየቅሁት። መጠየቅ ነው ብዬ ነበር የጀመርኩት።

«አንተ ስትገባ ለምንድነው የምትጠፋው?»

«ምኗ?»

«ጉድጓዷ። ስትወጣ ትመጣለች፣ ስትገባ ትጠፋለች።»

«ገድ ያለኝ ሰው ነኝ ማለት ነዋ።»

«የመስታወቱን ብሎኖች ትነካካለህ።»

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ መሳቁን ተወ። «ኑዋራ፣ እነዚያን መስታወቶች ከማጽዳት አንድ ቀን ፊትሽን እዪባቸው። እንደ ቲማቲም ቀልተሻል። ታመሻል መሰለኝ፣ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።»

«እኔን ታማለች አሰኝተህ መደቡን ልትወስድ ነው።»

እንዲህ ማለቴን አሁን ስጽፈው ነው የሰማሁት። ግን ያልኩት እውነት ቢሆንስ? ዓሚ ላይድ በራቸው ላይ ቆመው ያዩን ነበር። ማን እንደሆንን ለማስታወስ የሚሞክሩ ይመስሉ ነበር።

እሁድ፣ ፌብሩዋሪ 3

ለዶክተር ተዋቲ ስለ ዙቢር ደብዳቤ ጻፍኩ። «ሥራው እንዳይሰምር ሆን ብሎ» የሚል ቃል አለበት። ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት፣ ሦስት ጊዜ መለስኩት። የጻፍኩት ዓርብና ቅዳሜ ካረፍኩ በኋላ፣ በጠዋት፣ ራሴን ሳያመኝ ነው። ይህን እዚህ ልጻፈው። ኋላ አሞኝ ነበር እንዳልል።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 5

ዙቢር ጉብኝቱ እስኪያልፍ ወደ ዋናው ሕንፃ ተዛወረ። ካርቶኑን ይዞ ሲወጣ፣ «መስኮቱን ማን ሊከፍትልሽ ነው?» አለኝ። ሲሄድ መስኮቱን ዘጋሁ። ደጅ በረዶ ነው።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 7

አሁን ሁልጊዜ አለች። እሱ ሄዷል፤ እሷ አለች። ታዲያ?

ምናልባት ሳይሄድ በፊት ያበላሸው ነገር አለ።

እሁድ፣ ፌብሩዋሪ 10

ዶክተር ተዋቲ ጠሩኝና ስለ ዓሚ ላይድ ጠየቁኝ። «አንቺ ከሁሉ ትቀርቢያቸዋለሽ። ጡረታ ቢወጡ ይሻላል ይላሉ ሰዎቹ።»

«ይሻላል» አልኩ።

ወዲያው ነው ያልኩት። የመጀመሪያውን መስታወት በእጄ ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው። ስመለስ፣ «ምን አሉሽ?» አሉኝ። «ስለ ጉብኝቱ ነው» አልኳቸው። ሻይ ሰጡኝ። ስኳር ሁለት ጊዜ ጨምረውበታል። ጠጣሁት።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 11

ማክሰኞ ነው ለካ። ፌብሩዋሪ 12 ነው።

ዙቢር በበሩ ሥር ወረቀት አስገብቶ ሄዷል። «ኑዋራ፣ ያቺ ጉድጓድ የብርጭቆው ጥፋት አይደለችም» ብሎ ይጀምራል። ጥፋቱ ያንቺ ነው ሊለኝ ነው። ፊደሎቹ ይዋኛሉ። የቀረውን ነገ አነባለሁ ብዬ ደብተሩ ውስጥ ከተትኩት።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 13

ዓሚ ላይድ ወደቁ።

ሆስፒታል ናቸው። በሕይወት አሉ። እኔም ኦክስጅን አድርገውልኝ ለቀቁኝ።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 15

ዛሬ እጄ ጸንቷል፣ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ረቡዕ አራት ሰዓት ገደማ ስላጥወለወለኝ ወደ ደጅ ወጣሁ። በረዶው ላይ አስመለስኩ። ቁጭ ብዬ ትንሽ ቆየሁ፤ ስንት እንደሆነ አላውቅም። አየሩ ሲሻለኝ ተመለስኩ። የዓሚ ላይድ ማሽን ይዞራል፣ ግን ብርጭቆው ላይ የሚያርፈው የእጃቸው ድምፅ የለም። አንኳኳሁ። ስከፍት ማሞቂያው ሥር በጎናቸው ተኝተዋል፤ ጉንጫቸው እንደ ልጅ ቀልቷል። ጎተትኳቸው። አልቻልኩም። በሩ ላይ ሆኜ ጮኽኩ።

የመጣው ዙቢር ነው። ከዋናው ሕንፃ መስኮት ስወጣ ስገባ ሲያየኝ እንደነበር ኋላ ነገረኝ። ወንበር አንሥቶ የታሸገውን መስኮት ሰበረ፣ ማሞቂያውን ዘጋ፣ ዓሚን በብብታቸው ይዞ በረዶው ላይ አወጣቸው። የእሳት አደጋ ሰዎች ሲገቡ የያዙት የጋዝ መለኪያ ከበሩ ጀምሮ ይጮኽ ነበር። አንዱ ጣሪያ ላይ ወጣ። የማሞቂያው የጭስ መውጫ በአዲሱ ቆርቆሮ ተሸፍኗል። ከዲሴምበር ጀምሮ።

ካርቦን ሞኖክሳይድ። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። በየክረምቱ በሬዲዮ የምንሰማው፣ ቤተሰብ ሙሉ የሚወስደው። እኔ ዓመቱን ሙሉ ጋዝ ስለካ የምውል ሰው ነኝ።

ማታ ወረቀቱን አወጣሁት። ይቀጥላል፦ «የብርጭቆው ጓዳ ቢሆን ኖሮ አንድ ጉድጓድ ሳይሆን በእኩል ርቀት የተደረደሩ ብዙ ጉድጓዶች ታዪ ነበር። ሙቀቱ ሲለወጥም ከቦታቸው ይንሸራተቱ ነበር። ይቺ አንድ ብቻ ናት፣ ቦታዋንም አትለቅም። የድሮ ልኬቶችሽን ከጋዞቹ ሠንጠረዥ ጋር አስተያየኋቸው። የካርቦን ሞኖክሳይድ ቦታ ነው። እርግጠኛ አይደለሁም፤ ብሳሳት ሳቂብኝ። በስልክ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ አታነሺም፤ ወደ ክፍሉ እንዳልገባ ተከልክያለሁ። አሁኑኑ መስኮቱን ክፈቺ፣ ዓሚንም አስወጪ።»

ሠንጠረዡ መደርደሪያችን ላይ ነው ያለው። ከወንበሬ ሳልነሣ እደርስበታለሁ።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 19

ጉብኝቱ ተሰረዘ። አጣሪዎች ተቀመጡ፤ ዶክተር ተዋቲና ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች። ከሁለቱ አንዱ ደግ ሰው ነው፣ ደግነቱ አስፈራኝ።

«ምልክቱን መጀመሪያ ያየሽው መቼ ነው?» አለኝ። «በአደጋው ሳምንት ነው፣ አይደል? አንቺም ታመሽ ነበርና ማንም አይፈርድብሽም።»

ዶክተር ተዋቲ ቀና አላሉም። ደብዳቤዬ ፊታቸው ነው፤ እሳቸውም ፈርመውበታል። አዎ ብል ለሁላችንም ቀላል ነበር።

«ጃንዋሪ 13» አልኩ። «ዙቢር ፌብሩዋሪ 12 ጽፎ ነግሮኛል። ወረቀቱን አላነበብኩትም።» አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «በየቀኑ መስኮት ይከፍት የነበረው እሱ ነው። በኔ ደብዳቤ ተነሣ። ደብዳቤው ውሸት ነው።»

ሰውዬው ብዕሩን አስቀመጠ።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 27

ውሌ በማርች መጨረሻ ያበቃል፣ አይታደስም። ዙቢር ወደ ቦታው ተመለሰ። ይቅርታ ልጠይቀው ሄድኩ። በሩም መስኮቱም ተከፍቶ፣ ካፖርቱን ለብሶ ይሠራል።

«ዙቢር፣ እኔ...»

«አሁን አትንገሪኝ» አለ፣ ከስክሪኑ ሳይነሣ። «አሁን ብትነግሪኝ ክፉ መልስ ነው ያለኝ።» ትንሽ ቆይቶ፣ «የቱቦውን መያዣ እንዴት ነበር የምታላይው? እኔ ሰብሬ ልጨርሰው ነው» አለ። አሳየሁት። ወጣሁ።

እሁድ፣ ማርች 3

ዓሚ ላይድ ቤት። ባለቤታቸው፣ እንደ አክስት የማያቸው ኻልቲ ዘሊኻ፣ በር ላይ፣ «ሰውነታቸው ደኅና ነው፣ ያሁኑን ግን አይዙትም። የጠዋቱን ከሰዓት ይረሱታል» አሉኝ።

ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ስሜን ጠርተው ተቀበሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጉድጓዷን፣ ደብዳቤውን፣ ወረቀቱን፣ ጡረታ ቢወጡ ይሻላል ማለቴን።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «ይሄን ነገር እስከ ነገ የምይዘው አይመስለኝም። ሳላስበው ይቅር ብዬሻለሁ ብልሽ ደግሞ አይሆንም። ነገ መጥተሽ ድገሚልኝ።»

ሰኞ፣ ማርች 4

ሄድኩ። እንደገና ነገርኳቸው። ትናንት ያልሰሙ ያህል ደነገጡ። ተቆጡ። «ውጪልኝ» አሉኝ። ኻልቲ ዘሊኻ እስከ አውቶቡሱ ሸኙኝ። «እንግዲህ አትምጪ፣ ይበቃል፤ ነገ እንደሆነ አያስታውሱትም» አሉ። ለኔ አዝነው ነው።

ሐዳም እንዲሁ አለችኝ። «የረሳ ሰው ፊት ምን ያስኬድሻል? ለሳቸው ነው ወይስ ለራስሽ?» አላውቅም አልኳት። እውነትም አላውቅም።

ሐሙስ፣ ማርች 7

ዛሬም ሄድኩ። ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ በዓሉ ያለፈበት እሁድ፣ ከጎን የታየችው ጉድጓድ፣ መስታወቱን ማጽዳቴ። በትዕግሥት ሰሙኝ። ዙቢር የተዛወረበት ላይ ስደርስ ዓይናቸውን ከመስኮቱ መልሰው ፊቴ ላይ አሳረፉት።

«ከዚያ በበሩ ሥር ወረቀት አስገባልኝ...» አልኩ።

«አላነበብሽውም» አሉ።

ኻልቲ ዘሊኻ ከማድ ቤት ብቅ አሉ፣ ሰምተዋል።

«አላነበብሽውም» አሉ ዓሚ ላይድ እንደገና፣ ቀስ ብለው፣ ቃሉ እጃቸው ላይ መቆየቱን የሚያረጋግጡ ይመስል። ይህን ያህል ቀን እንዲያስታውሱ ነበር የምጸልየው። አሁን ያውቃሉ። ነገም ሳያውቁት አይቀሩም።

«ቀጥዪ» አሉኝ።

ቀጠልኩ።